እሰይ የተባለበት ሙሾ

አንዲት አንጓች የምትባል ሙሾ አውራጅ ነበረች። በአገሯ ሰው ሲሞት መጀመሪያ የሚላከው ወደ እሷ ነው። ግጥሙን እሷ ታወጣለች፤ ለቀስተኛው ደረቱን እየደቃ ይቀበላታል፤ በየግጥሙ መጨረሻ የሟቹ ስም ይጠራል። ሀብታምም ይሁን ድሃ፣ ስሙን ሳትጠራ የሸኘችው ሟች አልነበረም። «ስም የሌለው ሙሾ ባዶ ጩኸት ነው» ትል ነበር።

አንድ ክረምት ሙሾው ለራሷ ሆነ። አንድ ልጇ ጓንጉል ዋናተኛ ነበር፤ ወንዝ በሞላ ቁጥር መንገደኛውን በትከሻው የሚያሻግር። የመጨረሻውን ሰው አሻግሮ ሲመለስ ደራሽ ውሃ ወሰደው። እናት ለልጇ ሙሾ ማውረድ አይሆንላትም ቢሏትም እምቢ አለች።

«ስንቱን አሻገረ ወንዙ እንደሞላ፣
ለእሱ ሲሆን ጊዜ እጅ ጠፋ በኋላ፤
ወይ ጓንጉል፣ ወይ ጓንጉል።»

ከለቀስተኛው መሀል አንድ የከተማ ድምፃዊ ተቀምጦ ነበር። በኪሱ ያለው ስልክ እየቀዳ መሆኑን ማን ይወቅ? አንጓች ከሩቅ አገር መጥቶ ያለቀሰላት መስሏት በእጇ ንፍሮ ዘግና ሰጠችው። «እግርህን እንቅፋት አይምታው» ብላም መረቀችው።

ዓመት ሳይሞላ በጎረቤት የሰርግ ድንኳን ያን ዜማ ሰማችው። ግጥሙ አልተነካም፤ ከበሮ ግን ገብቶበታል፣ ፈጥኗል፣ ጓንጉል ይባል በነበረበት ቦታ ደግሞ «እሰይ እሰይ» ይባላል። ግጥሙን ልብ ያለ ሰው አልነበረም። ሚዜዎቹ በልጇ ሞት ትከሻቸውን ይሰብቃሉ።

ዘፋኙ ማን እንደሆነ ጠይቃ አጠያይቃ ከተማ ወጣች። ለካስ በዚያው ሰሞን የዓመቱ ምርጥ የገጠር ዜማ የሚሸለምበት ትልቅ በዓል ነበር። ያን ንፍሮ የሰጠችውን ድምፃዊ በበዓሉ አዳራሽ በር ላይ አገኘችው።

«ልጄ፣ ዜማውን መልስ አልልህም» አለችው። «የጓንጉልን ስም ግን መልስልኝ። እዚያ ከፍታ ላይ ስትወጣ አንዴ ጥራው፤ ይበቃኛል።»

«አባቴ ይሙት እጠራዋለሁ፣ እናቴ» አለ ድምፃዊው።

አዘጋጆቹም ጥልፍ ቀሚሷ ለካሜራ ያምራል ብለው ከፊት አስቀመጧት።

እንደተጠበቀው አሸናፊው እሱ ሆነ። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚለው ተረት እዚያ አዳራሽ አልደረሰም መሰለኝ፣ ሰውየው ደምቆ ወጣ። ፈጣሪን አመሰገነ፣ አቀናባሪውን አመሰገነ፣ ልብስ ሰፊውንና ፀጉር አስተካካዩን ሳይቀር በስም እየጠራ አመሰገነ። አንጓች አንገቷን አስግጋ ጠበቀች። በመጨረሻ «ዜማውን ያገኘሁት ከሕዝብ ነው፤ ሽልማቱም የሕዝብ ነው» አለና ዋንጫውን አቅፎ ወረደ።

አንጓች ብድግ ብላ ወደ መድረኩ ወጣች። የመድረክ መሪው ልትመርቅ የመጣች መስሎት ማይክራፎኑን አቀበላት። ሙሾውን እንደ ጥንቱ፣ እንደ ቀብሩ ዕለት አወረደችው፤ ወይ ጓንጉል አለች። ይህኔ ከበሮ መቺው ዜማውን ለየውና ደለቀላት። አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። በአገሯ እሷ ስታወርድ ሰው ይነሣል፤ እነዚህም ተነሡ፤ ግን ለጭፈራ ነው። ስሙን በጠራችው ቁጥር «እሰይ እሰይ» እያሉ ተቀበሏት። ደረቱን የሚመታ አንድ ሰው ፈለገች፤ አጣች። ማይክራፎኑን መሬት ላይ አስቀምጣ ወረደች። ከኋላዋ «ይደገም፣ ይደገም» ይሉ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሙሾ አላወረደችም። የመንደሯ ሰው ሬሳውን ዝም ብሎ ይቀብር ጀመር።

ጊዜ አለፈና የድምፃዊው አባት ሞቱ። በመሐላ የሚሞት አባት የለም፤ ሽማግሌው ዕድሜያቸው ደርሶ ነው። ኀዘን ግን ኀዘን ነውና፣ ልጅየው አገር አቋርጦ አንጓች ደጅ መጥቶ ተንበረከከ።

«እናቴ፣ አባቴን ያለ ሙሾ አልቅበረው። የሚያወርድ ሰው አጣሁ።»

«ስማቸው ማን ነበር?» አለችው። ነገራት። ስሙን ቀስ ብላ ደገመችው፤ አሳዘናት።

«ነፍሳቸውን ይማር፤ ስማቸው ያምራል» አለችው። «እኔ ግን ድምፄን እዚያ መድረክ ላይ ጥዬው መጥቻለሁ። ዜማው የሕዝብ ነው ብለህ የለ? ሂድ፣ ሕዝቡ ያልቅስልህ።»

ሕዝቡ አልቀረም፤ ድንኳኑ ጢም አለ። ነገር ግን ሙሾ የሚያውቅ ጠፋ። ሁሉም የሚያውቀው የእሱኑ ዜማ ነበር፤ ከዚያም ውስጥ አፋቸው ላይ የቀረው እሰይ የሚለው ብቻ ነው። እሰይ ብሎ ደግሞ አይለቀስም። ሽማግሌው በዝምታ ተቀበሩ።

ወዳጄ፣ የሌላውን እንባ ወስዶ ስሙን የሚፍቅ ሰው፣ የራሱ ቀን ሲመጣ የሚያለቅስበት ቃል ያጣል። የሕዝብ ነው የምንለው ሁሉ መጀመሪያ የአንድ ሰው ነበር፤ ያም ሰው እናት ነበረችው። ትናንት በጨፈርክበት ዜማ ውስጥ የማን ስም ተፍቆ ይሆን? ጠይቀህ ታውቃለህ?