ፓኔሉን ሳይነካ የፈረደው ባለሙያ

«አንድ የሶላር ባለሙያ ነበረ» አሉ መምህር አሰጋኸኝ፣ ትርሲት ጥያቄዋን ሳትጨርስ። የጠየቀቻቸው ስለ ወንድሟ ነው። ልጁን ከቀበረ ወዲህ በሄደች ቁጥር ይቆጣታል፤ ይዛለት የሄደችውን ምግብም ይመልስባታል። «የወንድምነቱ ፍቅር አልቋል፤ ልተወው ይሆን?» ነበር ያለችው።

«እስቲ ዝም ብለሽ ስሚኝ። ተማሪዬ ሳለሽም መልሱ ሳይመጣልሽ ነበር እጅሽን የምታወጪው» አሏትና ቀጠሉ።

ይህ ባለሙያ ሥራውን የለመደው ደጋ ነው። በጠዋቱ ብርድ ቮልቱን ይለካል፣ ከፓኔሉ ጀርባ ከተጻፈው ጋር ያስተያያል፣ አለቀ። ቴርሞሜትሩን ከሣጥኑ አውጥቶ አያውቅም።

አንድ ጊዜ ቆላ ወረደ፤ የአንድ መንደር የውኃ ፓምፕ የሚሠራባቸውን ፓኔሎች ሊመረምር። በጠራራ ፀሐይ ለካቸው። ሁሉም ከተጻፈባቸው ቮልት ዝቅ ብለው ተገኙ። ወይ ጉድ! ደሙ ፈላ። ፓኔሎቹን የሚጠብቁትን ሽማግሌ ጠራና፣ አገር በተሰበሰበበት፣ ያውም «አንተ» እያለ፣ «ደህናዎቹን ሸጠህ አሮጌ ተክተሃል!» አላቸው።

ሽማግሌው ክው አሉ። «ልጄ፣ እኔ የምተኛው ከነሱ ሥር ነው። ስሜን አትግደለው» ብቻ አሉ። ውኃ ሊቀዱ የመጡት ሴቶች ዐይናቸውን ከሳቸው ላይ አሸሹ። በዚያ አገር የውኃ ሌባ ቢሞት እንኳ ለቅሶ የሚደርሰው የለም።

ባለሙያው አንዱን ፓኔል ሊፈታ ተነሣ። ደገፍ ሲልበት መዳፉን ለበለበው፤ «ዋይ!» ብሎ እጁን ነጠቀ። ያኔ አስተማሪዎቹ የነገሩት ትዝ አለው። ጀርባው ላይ የተጻፈው ቮልት ሃያ አምስት ዲግሪ ላይ ላለ ፓኔል ነው። ፓኔል ሲግል ቮልቱ ይወርዳል፤ ስለዚህ ሙቀቱ ተለክቶ ቁጥሩ መታረም አለበት። ቴርሞሜትሩን አውጥቶ ለካ፣ ሒሳቡን ሠራ። የጎደለው ቮልት ሁሉ የሙቀቱ ነበር። ፓኔሎቹ ደህና ነበሩ።

እንግዲህ ምን ይዋጠው? አደባባይ ላይ የሰደቡትን ሰው ጓዳ ውስጥ ይቅርታ አይሉትም። እንደ አገሩ ወግ ድንጋይ አንሥቶ ማጅራቱ ላይ ተሸከመና ከሽማግሌው እግር ሥር ወደቀ። «ጥፋቱ የኔ ነው፤ እኚህ ሰው ንጹሕ ናቸው» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ። ሽማግሌው ድንጋዩን በገዛ እጃቸው አወረዱለት። «ተነሥ ልጄ። አንተንም ፀሐይዋ መትታህ ነው» አሉና ጥላ ፈልገው አስቀመጡት።

መምህሩ ወደ ትርሲት ዞሩ። «አንቺ ወንድምሽን የምትለኪው በሠርግሽ ቀን እስክስታ ሲመታ ባየሽው ነው። የኔ ልጅ፣ ያ ሰው አሁን እሳት ላይ ነው ያለው። ፍቅሩ አልጎደለም፤ አንቺ ነሽ ኀዘኑን ሳታስቢለት የለካሽው። በሰው ከመፍረድሽ በፊት የሚያቃጥለውን ነገር በእጅሽ ዳስሺ። በይ አሁን ሂጂ። ምግቡን ቢመልሰውም ይዘሽለት ግቢ። ቢቆጣሽም ቁጭ በይ።»