ከመርዶ በፊት የተዘመረው መዝሙር

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ ጋሽ ላምቤቦ። «በሩን ዝጋና ተቀመጥ።»

ገና እግሬ መግባቱ ነው። ጥያቄዬን በር ላይ ቆሜ እንደወረደ ነበር የለቀቅኩት፦ «ጋሼ፣ የኔ መዝሙር እሑድ እንዳይዘመር። ደብተሬን ይስጡኝ። ውሸት መሆኑን እያወቅኩ እናቴ ፊት ልዘምረው ነው?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ወር በፊት እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ስትነሳ አንድ መዝሙር መጣልኝ። እኔ ሰባተኛ ክፍልን ሳልጨርስ የወጣሁ ባጃጅ ነጂ ነኝ፤ ግጥም ከየት አባቴ አውቃለሁ? ግን መጣ። አዝማቹ «እናቴን ከአልጋ ያነሳህልኝ» ይላል። መዘምራኑ ወደዱት፣ አጠኑት፣ የፊታችን እሑድ በጉባኤ ፊት ሊቀርብ ነው። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ለምርመራ ይዣት ስሄድ ሐኪሙ እሷን ውጪ አስቀምጦ እኔን ለብቻዬ ጠራኝ። በሽታው ተመልሷል፣ ጉበቷ ድረስ ደርሷል አለኝ። ወጥቼ «ደህና ነሽ፣ ቫይታሚን ነው ያዘዘልሽ» አልኳት። አሁን ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ባጃጁ ውስጥ ተቀምጣለች። ሞተሩን አላጠፋሁም። የራሴኑ መዝሙር እያንጎራጎረች ነው የተውኳት።

ጋሽ ላምቤቦ የመዘምራኑ ሽማግሌ ናቸው። የአኮርዲዮኑ ወናፍ ተቀዶ እሱን በማስቲሽ ይለጥፋሉ። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ እንደገና። «ገበሬ ነው፤ ዝንጅብል ያመርታል። አንድ ወንድ ልጅ ነበረው። ልጁ ሆዱን ታመመና አጎቱ ወደ ትልቁ ከተማ ወሰደው።»

«ጋሼ፣ እናቴ ውጪ እየጠበቀችኝ...»

«እናትህ ትጠብቃለች። የሚያልቀው ቤንዚንህ ነው።»

ተቀመጥኩ።

«ያኔ ስልክ የለም። ከሁለት ሳምንት በኋላ በአውቶቡስ ደብዳቤ መጣ። ‹ቀዶ ጥገናው ተሳክቷል፤ አጥሚት ጠጣ፤ ሳቀም› ይላል። ሰውየው ማንበብ አይችልም፤ ማሳው ውስጥ እንደቆመ አስነበበው። ሲሰማ ዶማውን መሬት ላይ ተከለና ዘመረ። ‹ልጄን አልጣልከውም› አለ። ዜማውን ከየት እንዳመጣው ራሱም አያውቅም።»

ብድግ አልኩ። «ይሄማ የኛው መዝሙር አይደል እንዴ! በምስጋና እሑድ እየዘለልን የምንዘምረው!»

«አትዝለል፤ ወናፉ ገና አልደረቀም። ደብዳቤው መንገድ ላይ ሳለ ልጁ ሞተ። ወሬው ቅዳሜ ከሰዓት ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች ደረሰ። ሬሳው ሰኞ ረፋድ ላይ ይገባል። መርዶ ደግሞ ወግ አለው። የእናትየው ወንድሞች ሳይመጡ አይነገርም፤ እነሱ ከወንዙ ማዶ ናቸው። ስለዚህ ሰኞ ንጋት ላይ እንዲረዳ ቆረጡ። እሑድ ሰውየው ነጭ ለብሶ ከሚስቱ ጋር መጣ። ‹ምስጋና አለኝ፣ መዝሙር ይዣለሁ› አለ። ጉባኤው በሙሉ ሰምቷል። ሁለቱ ብቻ አልሰሙም።»

«እና... ዘመረ?»

«ዘመረ። ሕዝቡ አለቀሰ። ሰውየው መዝሙሩ የነካቸው መሰለውና ደስ አለው፤ ሦስት ጊዜ ደጋገመው። ሦስት ጊዜም ሁሉም ተቀበለው።»

ያን መዝሙር ስንት እሑድ አጨብጭቤበታለሁ! «ኧረ ጋሼ፣ ይሄ ግፍ ነው! አንድ ሰው እንኳ እጁን ይዞ አያስቀምጠውም?»

«ቢያስቀምጡት ይጠረጥራል፤ መርዶውን በጥርጣሬ ይሰማዋል። ‹ተዉት፣ ይዘምር› ያለ አንድ ሽማግሌ ነበረ።»

«ማነው እሱ ጨካኝ?»

ማስቲሹን ከጣታቸው ላይ ልጠው ጣሉ። «ያኔ ጢሜ ጥቁር ነበር» አሉ።

ጢማቸውን አየሁት፤ ዛሬ ነጭ ነው። እሳቸው ግን ቀጠሉ።

«ሰኞ ንጋት ላይ በሩን አንኳኳን። ሰውየው ሲረዳ መጀመሪያ ‹ልጄን› አላለም። ጣቱን ወደ እኔ ቀስሮ ‹ትናንት እያወቅክ አዘመርከኝ› አለ። ያን መዝሙር ማንም እንዳያነሳው አስማለን። ዓመት ሙሉ የኋላ ወንበር ላይ አፉን ዘግቶ ተቀመጠ። እኔም ዓመት ሙሉ ዓይኑን አላየሁም። በዓመቱ አንዲት መበለት ልጇን ቀበረች፤ ሁለተኛዋ ነው። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ ያን ሰው አስጠራችው። ‹መዝሙርህን አንሳልኝ› አለችው። ‹እሱ ውሸት ነው› አላት። ‹ልጄ ሞቶ ሳለ የዘመርኩት ነው።›»

እዚህ ላይ ጋሽ ላምቤቦ እጃቸውን ከአኮርዲዮኑ አነሱ።

«‹አንተ ሳታውቅ ዘመርክ› አለችው። ‹እኔ ግን ስቀበልህ አውቅ ነበር። ያኔ የመጀመሪያ ልጄን ከቀበርኩ ወር አልሞላኝም ነበር። ያንተም መሞቱን ሰምቻለሁ። ሁለቱንም እያወቅኩ ልጄን አልጣልከውም አልኩ። እስቲ የኔንም ውሸት ነው በለኝ።› ቀባሪው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። ከዚያ ሰውየው አፈር ዘገነና መዝሙሩን አነሳው። ዜማው ጠፍቶት ነበር፤ እሷ አስታወሰችው። እስከ ዛሬ የምንዘምረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው።»

እጃቸውን ወደ ወናፉ መለሱ። ያለቀ መሰለኝ። ውጪ ባጃጄ ትንተከተካለች። እኔ ግን ጭንቅላቴ ውስጥ አንድም ነገር ቦታውን አልያዘም።

«እሺ ጋሼ፣ እግዚአብሔር ሰማው ወይስ አልሰማውም? ልጁ እኮ ሞቷል!»

«እሱን ሠላሳ ዓመት ጠየቅኩ። ስታገኘው ንገረኝ።»

«ታዲያ ለምን ነገሩኝ? ወይስ...» በራሴ ልፈታው ሞከርኩ። «ወይስ ሰውየው እናቴ ናት፤ እኔ ደግሞ እርስዎ ነኝ? አውቄ ዝም ልበልና እሑድ ሳታውቅ ትዘምር ነው የሚሉኝ? እኔ እንደ እርስዎ አንጀት የለኝም ጋሼ። አልችልም።»

አሁን ገና ቀና ብለው አዩኝ። ዓይናቸው ቀልቷል፤ የማስቲሹ ይሁን የሌላ እንጃ።

«ገለበጥከው» አሉ። «ያ ሰው አንተ ነህ።»

«እንዴት?»

«እናትህ የዛሬ አምስት ሳምንት አንተ ስራ ላይ ሳለህ ብቻዋን ሌላ ሐኪም ጋ ሄዳ ተመርምራለች። ሐኪሙ ዛሬ የነገረህን እሷ ያኔ ሰምታለች። ከዚያ እዚህ መጣች፤ አሁን አንተ የተቀመጥክበት ላይ ተቀመጠች። ‹ልጄ እንዳይሰማ፤ ከሰማ መዝሙሩን ያስቆመዋል› አለችኝ። አምስት ሳምንት ሙሉ ቤት ውስጥ ስትለማመድ አዝማቹን ማን ነበር የሚቀበልህ?»

እሷ ናት። ሽንኩርት እየከተፈች፣ ልብስ እያጠበች። እንዲያውም ስሳሳት ታርመኛለች።

«እንግዲህ እንደዚያ ገበሬ ሳታውቅ የዘመርከው አንተ ነህ» አሉ ጋሽ ላምቤቦ። «እናትህ ደግሞ እንደ መበለቷ እያወቀች ተቀበለችህ። መዝሙሩ ያንተ ብቻ ቢሆን ኖሮ ደብተርህን አሁኑኑ እሰጥህ ነበር። የእሷም ሆኗል። ከፈለግክ እሷን ጠይቃትና ና።»

ወጣሁ። ደብተሩን አልያዝኩም። ልናደድ ይሁን ላልቅስ ለራሴም አልታወቀኝም። ማን ከማን እንደደበቀ፣ ማን ለማን እንዳዘነ ተምታታብኝ። ያንን የቫይታሚን ውሸቴን ስነግራት «ተመስገን» ብላ እጄን የጨበጠችው ምን እያሰበች ነው?

እናቴ የኋላ ወንበር ላይ ነጠላዋን ተከናንባ፣ የመድኃኒቱን ፌስታል ጭኗ ላይ አስቀምጣ ተቀምጣለች። አየችኝ። ምንም አልጠየቀችኝም። መሪውን ያዝኩና በመስታወቱ አየኋት፤ አፌን ከፈትኩ፣ ዘጋሁት። እሷም እንደዚሁ ያደረገች መሰለኝ።

ከዚያ በቀጭኑ «እናቴን ከአልጋ ያነሳህልኝ» ብላ ጀመረችና አቆመች፤ ጠበቀችኝ። ባጃጇ ብቻ ትንተከተካለች።

«ምነው አንተ?» አለችኝ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ዓይኔን እያየች። «ተቀበለኝ እንጂ፣ ብቻዬን ልዘምረው ነው?»