ሰባት ተማሪ፣ አንድ ጸሐፊ

አንድ ሰው ነበረ፣ ማረም የማይጠግብ።

አንቺ የፈጠራ ጽሑፉን ክፍል ከተረከብሽ ገና ሦስት ሳምንትሽ ነው። ዛሬ ደግሞ በሩን እንኳ ሳታንኳኪ ገብተሽ «ጋሼ፣ የተማሪ ጽሑፍ እስከ ምን ድረስ ነው የሚታረመው?» አልሽኝ። በመቶኛ እንድነግርሽ ከሆነ የመጣሽው፣ የለኝም። የዚህን ሰው ነገር ግን አውቃለሁና ተቀመጪ።

ሰውየው በአንድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ነበር። አራት ዓመት ከቢሮ ቢሮ ተንከራትቶ፣ ያልጠናው ደጅ ሳይኖር፣ በመጨረሻ የፈጠራ ጽሑፍ በድኅረ ምረቃ የሚሰጥበት ፕሮግራም አስከፈተ። አስተማሪውም እሱ፣ አስተባባሪውም እሱ፤ የክፍሉን ቁልፍ የሚይዘውም የፈተናውን ቀን የሚለጥፈውም እሱ። ሲፈቅዱለት ግን «ለሙከራ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራ ይታይና ወይ ይቀጥላል ወይ ይዘጋል» ብለውታል። «ይዘጋል» የምትለዋን የሰማት አይመስለኝም። ያን ቀን ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ነው የወረደው፤ የሃምሳ ዓመት ሰው!

ሰባት ተማሪዎች ገቡ። ሦስቱን ልንገርሽ። አንዱ የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ሹፌር ነበር፤ ሃያ ዓመት ደጋና ቆላ ሲመላለስ ያየውን ሊጽፍ የመጣ። አንዷ ነርስ ነበረች። ሌላው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ከሳሽ ያለውን፣ ተከሳሽ ያለውን፣ ምስክር ያለውን ሲጽፍ ኖሮ፣ «እስቲ አሁን ደግሞ እኔ ያልኩትን ልጻፍ» ብሎ መጣ።

መምህሩ የመጀመሪያ ጽሑፎቻቸውን ሲያይ ነፍሱ ደስ አላት። ወደዳቸው፤ ስለ ወደዳቸውም አረማቸው። ሹፌሩ አንዱን ዓረፍተ ነገር ገደል አፋፍ ላይ ከጀመረው አራት ነጥብ የሚያደርገው ከታች ድልድዩ ጋ ሲደርስ ነበር፤ መምህሩ አሥራ አንድ ቦታ ቆረጠለት። ነርሷ የምትጽፈው ተረኛ ለተረኛ ሥራ እንደሚያስረክብ ነው፦ «አልጋ አራት። ምሳ አልበላችም። ልጄ መጣ ወይ ብላ ሦስት ጊዜ ጠየቀች። አልመጣም።» መምህሩ ለበሽተኛዋ ስም አወጣላት፤ መስኮቱ ላይ ዝናብ አዘነበላት፤ እንባም ጨመረላት። የፍርድ ቤቱን ጸሐፊ ሥራ ደግሞ ከላይ እስከ ታች ሦስት ጊዜ አቃናው። ጸሐፊው ወረቀቱ እርማት በእርማት ሆኖ ሲመለስለት ደስታውን አልቻለውም። «ጽሑፍ ማለት እንዲህ ነው እንጂ!» አለና የድሮ ደብተሮቹን ቀዳዶ ጣላቸው።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። ሰውየው ክፋት አልነበረበትም፤ ዓይኑ እስኪቀላ ነው የደከመላቸው። ሊኩላት ብሎ ዓይኗን አጠፋ የሚባለው እኮ ለክፉ ሰው አይደለም፤ ለክፉ ሰው ማን ዓይኑን ይሰጣል?

የፈተናው ጊዜ ደረሰ። በደንቡ መሠረት የተማሪዎቹ ስም ከሽፋኑ ላይ ተነሥቶ ከአንድ እስከ ሰባት ቁጥር ተሰጠና ሥራዎቹ ለውጭ ፈታኝ ተላኩ። ፈታኟ ብዙ መጻሕፍት የጻፉ ትልቅ ሴት ነበሩ። ጉባኤው ከሰዓት ሊሰበሰብ እሳቸው ጠዋት ደረሱ፤ ሰባቱን ሥራዎች ጠረጴዛው ላይ ከምረው ከመምህሩ ጋር በመምህራን ክበብ ለምሳ ተቀመጡ። መምህሩ ምግቡ እስኪቀርብ እንኳ አልታገሠም።

«እንዴት አገኟቸው?» አለ።

«ጥሩ ጸሐፊ አላችሁ።»

ከወንበሩ ሊነሣ ምንም አልቀረው። «የትኛው ነው? ስንተኛው ቁጥር?»

«ሁሉም።»

«ሁሉም ጥሩ ናቸው ማለትዎ ነው?»

«አይ፣ ልጄ። ሰባቱንም የጻፈው አንድ ሰው ነው ማለቴ ነው። ጎበዝ ነው፤ ስለዚህ እፈርማለሁ። ተማሪዎችህን ግን አላገኘኋቸውም።»

መምህሩ ከፊታቸው ከተከመረው ወረቀት አንዱን ሳብ አድርጎ መሐሉን ገለጠ። መስኮት ላይ ስለሚወርድ ዝናብ የሚናገር አንቀጽ አገኘ፤ ያምራል። የማን እንደሆነ ሊያስታውስ ሞከረ። የነርሷ ነው? ወይስ የሹፌሩ? ሌላውን ሳበ፤ እዚያም ዘንቧል። 

ከሰዓት ጉባኤው ተሰበሰበ። ዲኑ ፊቱ በርቶ ነበር። «አንድ ግድፈት የለበትም፤ የታተመ መጽሐፍ ነው የሚመስለው። የውጭ ፈታኛችንም ሊፈርሙ ዝግጁ ናቸው። እንግዲህ እናጽድቀው» አለ። መምህሩ ዝም ቢል አበቃ፤ የአራት ዓመት ልፋቱ በእጁ ገባ። ሊያመሰግን ነው ሲሉት እጁን አውጥቶ ቆመ።

«ሥራዎቹ ይመለሱልኝ» አለ። «የተማሪዎቼ አይደሉም።»

ዲኑ ደነገጠ። «ተሰርቀዋል ነው የምትለው?»

«አዎን።»

«ሌባው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

ጉባኤው ተንጫጫ። መምህሩ ሁሉንም ተናገረ፤ የቆረጠውን ዓረፍተ ነገር፣ ያዘነበውን ዝናብ፣ አንዱንም አልደበቀ። ተናግሮ ሲቀመጥ ቀለለው። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ስምንት ሳምንት ሰጡት። «በስምንት ሳምንት ካልደረሰ ይዘጋል» አሉት። አሁን ሰማት፤ ጥርት አድርጎ ሰማት።

መምህሩ «ሁሉንም በራሳችሁ ቃል እንደገና ጻፉት» ቢላቸው ተማሪዎቹ መጀመሪያ ተቆጡ። ሹፌሩማ «መምህር፣ ሁለት ዓመት ቆራርጠው ቆራርጠው፣ ዛሬ ደግሞ ቀጥል ይሉኛል?» ብሎ ወጥቶ ሄደ። በማግሥቱ ግን የድሮ ደብተሩን በብብቱ ይዞ መጣ። ሌሎቹም ያላቸውን ደብተር ከያለበት አወጡ። ነርሷ የሷን ከእናቷ ቤት፣ ከበርበሬ ማሰሮ ሥር ነው ያገኘችው፤ ክፍሉን በሙሉ ስታስነጥስ ሰነበተች።

እነዚያን ስምንት ሳምንታት ባየሽ! መምህሩ ብዕሩን ቤቱ እየተወ ይመጣል። የተማሪውን ገጽ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብለታል፤ አንድም ነገር አይለውም። ተማሪው የራሱን ቃል ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ ራሱ ይጮኻል፦ «ቆይ! እሷ ቦታ ዋሽቻለሁ!» ብሎ ይነጥቀውና ይሰርዛል። ሌላው ይስቃል፣ ሌላው ይሟገታል። የሌላ ትምህርት ክፍል ተማሪ ሳይቀር ሰምቶ በሩ ላይ ይጋፋል። መምህሩ አንዳንዴ እጁን ሲበላው ጣቶቹን ጭኑ ሥር አድርጎ ይቀመጥባቸው ነበር። ደስታው ግን ልክ አልነበረውም። ሁለት ዓመት ሙሉ አብረውት የነበሩትን ሰዎች ገና መተዋወቁ ነበር።

ሥራቸውን በጉባኤው ፊት የሚያነቡበት ቀን ደረሰ፤ አዳራሹ ሞላ። ሹፌሩ ከአፋፉ ጀመረ። ዓረፍተ ነገሩ ይወርዳል፣ ይታጠፋል፣ ጎማው ጠጠር ይረጫል፣ ከኋላ ያለችው እናት ልጇን አቅፋ ጸሎት ትጀምራለች፣ አሁንም አራት ነጥብ የለም! ዲኑን ብታዪው፣ ሳያውቀው ቀኝ እግሩን ወለሉ ላይ ተጭኖ ፍሬን ይይዛል። ሹፌሩ ድልድዩ ጋ ደርሶ ሲያቆም አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከዚያ ነርሷ ወጣችና «አልጋ አራት» አለች። ያ ሁሉ ሰው ትንፋሹን ዋጠ። ሰባቱም አንብበው ሲያበቁ ፈታኟ እንባቸውን እየጠረጉ ተነሡ።

«አሁን መቁጠር ቻልኩ» አሉ። «ስድስት ጸሐፊ አላችሁ።»

ፕሮግራሙ ጸደቀ። እልልታው ቀለጠ፤ ተማሪዎቹ መምህሩን እንደ ሙሽራ በትከሻቸው ተሸከሙት። በዚያ ሁሉ ደስታ መሐል «ስድስት» የተባለውን ልብ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር።

የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ነው። እሱ ያነበበው ያንኑ የታረመውን ነበር፤ ሌላ አልነበረውም። በስምንቱ ሳምንት ሌላ ሊጽፍ ሞክሮ፣ በሞከረ ቁጥር የሚመጣለት የመምህሩ ቃል ሆኖበት ነበር። በማግሥቱ ወደ መምህሩ ቢሮ መጣ። አልተቆጣም፤ አላለቀሰም። እንደ ልማዱ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀመጠና ጠየቀ።

«መምህር፣ መጀመሪያ ስመጣ እንዴት ነበር የምጽፈው? አንዲት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ከሷ ተነሥቼ እፈልገዋለሁ።»

መምህሩ አፉን ከፈተ። የጻፈለትን እርማት በሙሉ ያስታውሳል፤ የትኛውን ቃል የት እንዳስገባ፣ የትኛውን መስመር ወዴት እንዳዞረ፣ አንዱም አልጠፋውም። ከእርማቱ ሥር የነበረውን የሰውየውን ቃል ግን አጣው። አንዲት እንኳ አልቀረችውም። ጸሐፊው ተነሥቶ እጅ ነሥቶ ወጣ።

እንግዲህ ልጄ፣ የጠየቅሽኝ ይህ ነው። አንቺም ጎበዝ ነሽ፤ እጅሽም ፈጣን ነው፤ ተማሪዎችሽንም ትወጃቸዋለሽ። ያ ሰውም እንዲህ ነበር፤ የምፈራልሽም ለዚህ ነው። ስድስቱ የዳኑት በሱ ጉብዝና አይደለም፤ ደብተራቸውን ስላልጣሉ ነው። ያንቺ ተማሪ ግን ካንቺ ፍቅር የተነሣ ደብተሩን ነገ ይጥል ይሆናል፤ ያን ጊዜ ቃሉ የሚቀረው አንቺ ዘንድ ብቻ ነው። ስለዚህ እስከ ምን ድረስ ልረም አትበዪኝ። ተማሪሽ አንድ ቀን መጥቶ «መጀመሪያ ስመጣ እንዴት ነበር የምጽፈው?» ቢልሽ ቃል በቃል ልትመልሺለት የማትችዪውን ገጽ አትንኪ።