የሚሄደው ቁልፍና የሚቀረው ቁልፍ

ዕድሜዬን ያሳጥረው፣ አሁን ከምነግራችሁ ውስጥ አንዲት የውሸት ቃል ካለች!

አንድ ቸኮል የሚባል ቀለም ነካሪ ነበረ። ስሙን ያወጡለት አውቀው ነው፤ ሲቸኩል ጥላውን ቤት ረስቶት ይወጣል። ከአባቱ የሦስት ቀለም ጥበብ ወርሷል፦ ቢጫ፣ ሰማያዊና ቀይ። ቢጫው ከመድመቁ የተነሣ የሰፈሩ ዶሮዎች “ነጋ” እያሉ በቀን ሰባት ጊዜ ይጮኹ ነበር። አርባ ቤተሰብ የሚኖረው በእነዚህ ሦስት ቀለሞች ነው።

ሸሪኩ ሐጂ ኑርዬ የዘጠኝ ቀን መንገድ ርቀው፣ በንጉሡ ከተማ የሽመና ቤት አላቸው። በዚያ ከተማ ደንብ ክር እዚያው ካልተነከረ አይሸመንም። ስለዚህ ቸኮል የቀለሙን አሠራር መላክ አለበት። ራሱ ይዞ እንዳይሄድ፣ የመንከሪያ ጋኖቹ እንደ አራስ ልጅ ናቸው፤ አንድ ቀን ዞር ካለ ይበላሻሉ። በመንገዱ እኩሌታ ላይ ደግሞ ጥላዬ የሚባል ሌላ ነጋዴ ማረፊያ ቤት ከፍቶ ተቀምጧል። መልእክተኛ ሁሉ የሚያርፈው እሱ ዘንድ ነው። የጥላዬ ጆሮ እንዴት ያለ ጆሮ ነው! ጉንዳን ስታስነጥስ ሰምቶ “ይማርሽ” ይላል።

ቢጫውን ቸኮል በቃል ላከው። መልእክተኛውን “ለማንም እንዳትናገር” አለው። መልእክተኛውም ለጥላዬ “ለማንም እንዳትናገር” ብሎ ነገረው። ሐጂ ዘንድ ሲደርስ ከተማው በሙሉ ቢጫ ለብሶ ተቀበለው።

ሰማያዊውን ጽፎ በብረት ሣጥን ቆለፈበት። ቁልፉ መንገድ ላይ እንዳይጠፋ ብሎም በገመድ ከሣጥኑ እጀታ ጋር አሰረው። ጥላዬ ከፈተ፣ ጽሑፉን ገለበጠ፣ መልሶ ቆለፈ። ጨዋ ሰው ነውና ገመዱ አርጅቶ ቢያየው በአዲስ ቀየረለት።

ቀዩ ብቻ ቀረ። በዚያው ሰሞን ንጉሡ “ለበዓለ ንግሤ በማይለቅ ቀይ የተነከረ ካባ ያመጣልኝን የቤተ መንግሥቴ ነካሪ አደርገዋለሁ” ብሎ አሳወጀ። ይህም ከተሰረቀ አርባው ቤተሰብ ተበተነ ማለት ነው። ቸኮል እየሮጠ ቁልፍ ሠሪዋ እትዬ ደብሪቱ ዘንድ ሄደ።

“እትዬ፣ ሦስት ቁልፍ ያለው ሣጥን ይሥሩልኝ!”

“ሦስቱንም መክፈቻ እጀታው ላይ ልታስርልኝ?” አሉት።

“እንዳይጠፋ ብዬ እኮ ነው!”

“አልጠፋም። የጠፋው ሰማያዊህ ነው።” ከዚያ በአንድ እጃቸው ጓጉንቸር፣ በሌላው መክፈቻ አነሡ። “ይህ ምንድን ነው?”

“ቁልፍ።”

“ይህስ?”

“እሱም ቁልፍ።”

“አየህ! ስማቸው አንድ ስለሆነ መንገዳቸውም አንድ መሰለህ። አንዱ ይሄዳል፣ አንዱ ይቀራል! ሐጂ የራሳቸውን ጓጉንቸር ክፍቱን ይላኩልህ፤ መክፈቻው ግን ከኪሳቸው አይውጣ። አንተ ሣጥኑን ትዘጋበታለህ። ከዘጋኸው በኋላ አንተም ብትሆን አትከፍተውም።”

ቸኮል በደስታ ቢዘል ጣራው በአናቱ ተበሳ። “አሁኑኑ ልላክባቸው!”

“ቆይ እንጂ! የመጣው ጓጉንቸር የሐጂ መሆኑን በምን ታውቃለህ?”

ቸኮል ከደጃፉ ተመለሰ።

“ባለፈው ዓመት ሲመጡ ዋጋ የተስማማችሁት እንዴት ነበር?”

“እንደ ነጋዴ ወግ ነዋ! በጋቢ ሥር፣ ጣት በመያዝ። ማንም አላየን።”

“በል፣ ያኔ የያዙህን ጣት ያህል ጓጉንቸሩ ላይ በሞረድ መስመር ያውጡበት። ይህን በገበያ መሀል ብታስጮኸውም ግድ የለኝም።”

መልእክተኛው እውነትም እየዘፈነው ሄደ። ጥላዬ ሰምቶ ሳቀ። “የእጅ ጣት አምስት አይደል እንዴ?” አለና በራሱ ጓጉንቸር ላይ አምስት መስመር ሞርዶ፣ መክፈቻውን ኪሱ ከትቶ፣ የሐጂ ሰው ሳይደርስ ለቸኮል በሎሌው ሰደደለት። “ከሐጂ ኑርዬ ነው በለው” አለ።

ቸኮል ጓጉንቸሩን ሲያይ ጊዜ አላጠፋም። ሣጥኑን ሊዘጋበት ሲል፣ ጓጉንቸሩን ሊያዩ የመጡት እትዬ ደብሪቱ እጁን ቀብ አደረጉት።

“ጣትህ ምን ይላል?”

ቆጠረ። አምስት! በጋቢ ሥር ግን አምስት አልነበረም። ስንት ነበር? ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ምስጢር ነው።

“ሌ...” ብሎ ሊጮኽ ሲል አፉን ያዙት። “ዝም በል! ቁልፍ የላከ ሰው ባዶ እጁን አይቀርም። ወረቀት አምጣ።” እሳቸው እየነገሩት ጻፈ፦ “ቀዩ ከሚወጣበት የተክል ሥር ጋር ሦስት ቁና የተወቀጠ እንዶድ ይጨመር።” በጥላዬ ጓጉንቸር ቆልፎ ለጥላዬ ሎሌ ሰጠው።

ጥላዬ በሕይወቱ አንድ ነጠላ እንኳ አጥቦ አያውቅም። እንዶድ የልብስ ማጠቢያ መሆኑን ከየት ይወቀው! ሣጥኑን በራሱ መክፈቻ ከፍቶ ድስት ጣደ። ሎሌው ከቸኮል ዘንድ በሄደ በዘጠነኛው ቀን የሐጂ ጓጉንቸር በትክክለኛው ቁጥር ደረሰ። ቸኮል እውነተኛውን ቀይ አስገብቶ ጠቅ! አደረገው። ሣጥኑ በመንገዱ ላይ ጥላዬ ቤት አረፈ፤ ጥላዬም “እኔ የፈለግሁትን አግኝቻለሁ” ብሎ እላዩ ላይ ተቀምጦ ምሳውን በላ።

በበዓሉ ቀን ሁለት ካባ ቀረበ። ንጉሡ የጥላዬን ለብሶ ወደ አደባባይ ሲወጣ ዝናብ ጣለ። ኧረ ምን ልበላችሁ! ካባው አረፋ ደፈቀ። ቀይ አረፋ አደባባዩን እስከ ፈረሶቹ ጉልበት ሞላው፤ ሁለት መሳፍንት በዋና ነው የወጡት። ካባው ነጭ፣ ንጹሕ ሆኖ ቀረ።

“ነካሪ ብፈልግ አጣቢ አመጣችሁልኝ!” አለ ንጉሡ። “ይህ አሠራር የማን ነው?”

ጥላዬ “ሰርቄው ነው” እንዳይል ወህኒ አለ፤ “የራሴ ነው” እንዳይል አረፋው አለ። አፉን ቢከፍት አረፋ ብቻ ወጣ።

ሐጂ ኑርዬ የራሳቸውን ካባ ዝናቡ ላይ ዘረጉት። አንዲት ቀይ ጠብታ አልወረደችም። አርባው ቤተሰብ ዳነ።

ወዳጆቼ፣ ምስጢር የሚጠበቀው በሣጥን ብረት ውፍረት አይደለም። ሣጥኑና መክፈቻው በአንድ መንገድ ባለመሄዳቸው ነው። የዛሬ ነጋዴዎች የውሉን ፋይል በኢሜይል ትልኩና የይለፍ ቃሉን እዚያው ከሥሩ ትጽፉታላችሁ። የቸኮል ገመድ እሱ ነው! “እኔ ነኝ፣ ላክልኝ” ላላችሁም ሁሉ፣ ደውላችሁ ድምፁን ሳትሰሙ ትልካላችሁ። አምስቱ መስመር ደግሞ እሱ ነው። እስቲ ዛሬ የላካችሁትን መልእክት መለስ ብላችሁ እዩት፤ ቁልፉ የት ላይ ተንጠልጥሏል?

በዕድሜዬ ስለማልኩ አንዲት ነገር ልናዘዝ። ጥላዬ ገመዱን በአዲስ አልቀየረውም፤ ያንኑ አሮጌውን ነው መልሶ ያሰረው። የቀረው ግን፣ አረፋውም ሳይቀር፣ ልክ እንደነገርኳችሁ ነው።