ድመቴ ትጾማለች ያለው ነጋዴ

አንድ የእህል ነጋዴ ነበረ። አዎ፣ ከዚህ ነው የምጀምረው፤ ፊትሽን አታጥቁሪብኝ። ጥያቄሽን ሰምቻለሁ፣ ይርገዱ። አማትሽ አንጀታቸውን ታመው ከሰውነት ወጥተዋል፤ ሐኪሙ እንቁላልና የሥጋ መረቅ ይውሰዱ ብሏል፤ እኛ ደግሞ ዐቢይ ጾም ላይ ነን። አንቺም «አባቴ፣ ሽታው ወደ ጎረቤት እንዳይወጣ ምን ላድርግ? ሰው ምን ይለኛል?» ብለሽ መጣሽ። የነፍስ አባትሽ ነኝና እመልስልሻለሁ። መጀመሪያ ግን ነጋዴውን ስሚ።

ነጋዴው ሀብታም ባይሆንም የተከበረ ሰው ነበር። የሰንበቴ ማኅበሩ አለቃ ነው። ጾም ሊገባ ሲል ድስቱን፣ ጭልፋውን፣ ቢላዋውን ሳይቀር በአመድ ያሳሽ ነበር። እገሌ ጾም ገደፈ ሲባል ከሰማማ ወዮለት! እስከ ፋሲካ መተረቻ ያደርገዋል። መጋዘኑ ውስጥ ደግሞ እህሉን ከአይጥ የምትጠብቅለት ድመት ነበረችው። አንድ ቀን በሰንበቴው ላይ ጠላው ሞቅ ሲያደርገው «እኔ ቤት እንኳን ሰው ድመቷም ትጾማለች!» አለ። ሰዉ ሳቀ። ሳቁ ጣመውና ጾም በገባ ቁጥር ይደግመው ጀመር። ድመቷ አይጥ እየበላች እንደምትውል ማን ያጣዋል? ግን ጨዋታ ነው፤ ማንም አልተከራከረውም።

አንድ ዓመት ጾሙ እንደገባ ድመቷ ታመመች። የበላችውን ታስመልሳለች፤ ያላስመለሰችው በተቅማጥ ይወጣል። የሚገርመው፣ መብላቱን ሳታቆም ከሳች። ሰውዬው ይወዳታልና ታቅፎ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰዳት። ሐኪሙ ሆዷን ዳሰሰ፣ ደሟን መረመረ። «አንጀቷ ተቆጥቷል» አለው። «ይኼ ዛሬ ታክሞ ነገ የሚረሳ አይደለም፣ አባባ። አብረዋት የሚኖሩት በሽታ ነው። ኪኒኑን ይስጧት። ወተት ይቅርባት፤ ወጥ የነካው ፍርፋሪም ይቅርባት። ስብ የሌለው የፍየል ሥጋ ያለ ጨው ቀቅለው ትንሽ ትንሹን፣ ቶሎ ቶሎ ያብሏት። በየሳምንቱ ይመዝኗት። እየቀነሰች ከሄደች ኪኒን ብቻውን አያቆማትም።»

ነጋዴው እሺ ብሎ ወጣ። ነገሩ የገባው መንገድ ላይ ነው። የክርስቲያኑ ሥጋ ቤት በሙሉ ለጾሙ ተዘግቷል። የተከፈተው የሙስሊሞቹ ነው፤ እሱም ያለው ገበያው መሃል፣ አገር በሚያልፍበት ቦታ። የሰንበቴው አለቃ በዐቢይ ጾም ሥጋ አንጠልጥሎ! ያውም ከዚያ!

ቤቱ ገብቶ ሚስቱን «እስኪ አንቺ ሂጂ» አላት።

«አንተን ያሳፈረህ ለእኔ ጌጥ ሊሆነኝ ነው?» አለችው። እውነቷን ነው።

«በይ ተይው፤ ፋሲካ እስኪደርስ ትችላለች» አለ እሱም። ሽሮ ያለ በርበሬ አሠራላት። ዳቦ በውሃ አራሰላት። ኪኒኑንማ አንድም ቀን አላጓደለም፤ ኪኒን አይሸትማ!

ድመቷ ቀለጠች። የጀርባዋ አጥንት ከሩቅ ይቆጠር ጀመር። በየሳምንቱ ይመዝኗት የተባለውስ? ሚዛኑ እዚያው መጋዘኑ ውስጥ ተገትሯል። ቀኑን ሙሉ ለሰው ጤፍ ሲመዝን የሚውል ሰው ድመቱን ሚዛን ላይ ማስቀመጥ ፈራ። ደንበኞቹ «ውይ፣ ምነው ድመትህ?» ሲሉት «ጾሙ ነዋ!» ብሎ ይስቃል። እነሱም ይስቃሉ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ማለት ይኼ ነው። አንዲት ጤፍ ልትገዛ የመጣች ሴትዮ ግን አልሳቀችም። «ኧረ የእግዜር ፍጥረት ናት፤ አብላት እንጂ» አለችው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው በመጣ ቁጥር ድመቷን ከጆንያው ጀርባ ይደብቃት ጀመር። አየሽ፣ ሥጋ ሲገዛ ቢያዩት ጾም ገዳፊ ይሉታል፤ ከስታ ቢያዩዋት ደግሞ ጨካኝ ይሉታል። ስለዚህ ጭራሽ እንዳትታይ አደረጋት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ይኼ ሰው ግን የደበቀው የራሱን በሽታ እንኳ አይደለም፤ የሌላዋን ነው።

አንድ ቀን ጨከነና ሄደ። ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ሥጋ ቤቱ ደረሰ። ሥጋ የሚከተፍበትን መደብ በእጁ ተደግፎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ፍየል…» ከማለቱ ከኋላው «አለቃ! ምን እግር ጣለህ?» የሚል ድምፅ ሰማ። ዞር ቢል የሰንበቴው ሰው ነው።

«አይ፣ ይኼ ሰውዬ ገብስ ይፈልግ እንደሆነ ልጠይቀው ብዬ ነው» አለ ነጋዴው።

ሥጋ ሻጭ ገብስ ምን ያደርግለታል! ብቻ እንዲያ አለና ላብ እያጠመቀው ባዶ እጁን ተመለሰ።

መጋዘኑ ሲገባ ድመቷ ከጆንያው ጀርባ ወጣች። እየተንገዳገደች መጣችና እጁን አሸተተችው። መደቡን የተደገፈበት እጁ ነው፤ ለካ ደም ነክቶት ኖሯል። ላሰችው። መዳፉን ላሰች፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ ላሰች፤ ጨረሰችና እንደገና ከመዳፉ ጀመረች። ምንም ስታጣ ቀና ብላ አየችው። አፏን ከፈተች፤ ድምፅ ግን አልወጣትም።

ብድግ አደረጋት። ክብደት የላትም። ሰውዬው እዚያው ጆንያው ላይ ቁጭ አለና አለቀሰ። በሰው ፊት ማፈር ያውቅበታል፤ ዕድሜውን ሙሉ እሱን ሲሸሽ ነው የኖረው። በገዛ ድመቱ ፊት ሲያፍር ግን የሚገባበት ጠፋው። ከእሷ ፊት ወዴት ይሸሻል? ስንት ዓመት እህሉን ጠብቃ አሳድራለታለች። በራባት ጊዜ የሰጣት ተልሶ የማያጠግብ እጁን ነው።

ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ አየችው። «እሷ እንባ አትበላም» አለችው።

ተነሣ። ጋቢውን እዚያው ጥሎ፣ ፊቱን ገልጦ ወጣ። ገበያው ገና አልተበተነም። ሥጋ ቤቱ ደጃፍ ደርሶ ጮክ ብሎ «የፍየል ሥጋ ስጠኝ፤ ስብ የሌለውን» አለ።

«ገብሱስ?» አለው ሥጋ ሻጩ።

«ገብስ የለም። ለድመቴ ነው። አንጀቷን አሟት ከስታለች።»

«መቼ ነው የታመመችው?»

«ጾሙ ሲገባ።»

ሥጋ ሻጩ ቢላዋውን እንደያዘ ቆመና «ታዲያ እስከ ዛሬ የት ነበርክ?» አለው።

ነጋዴው ገንዘቡን ቆጥሮ ሰጠው። ሥጋውን በፌስታል ተቀብሎ ሲዞር ያ የሰንበቴው ሰው ከሌሎች ጋር ቆሟል። «አለቃ፣ ጾም ፈታህ እንዴ?» አለው።

«አልፈታሁም። ለድመቴ ነው።»

«ድመቴ ትጾማለች ስትለን አልነበር?»

«ዋሽቼ ነው። ድመት አትጾምም። እኔ ሰውን አፍሬ አስርቤያት ነው» አለ፤ ጆሮው እስኪግል አፈረ፤ ቢሆንም ፌስታሉን አልሸፈነም። ገበያውን በሙሉ አቋርጦ፣ እያዩት፣ ወደ ቤቱ ሄደ።

የሚያምር መጨረሻ ትጠብቂ እንደሆነ አላውቅም። ሰዉ ሳቀበት። ግማሹም «ለድመት ነው ይበለን እንጂ ድስቱን ማን አየው!» ብሎ አማው። እስኪሞት ድረስ ስሙ ከዚያ ሐሜት አልጸዳም። ድመቷም ፈጽማ ዳነች ብዬ አላታልልሽም፤ አንጀቷ ያው ነው። ግን ሥጋው ተስማማት፣ ሆዷ ያዘላት፤ ቀስ እያለች ገላ አወጣች። ሲብስባት ትቀንሳለች፣ ሲሻላት ትመለሳለች፤ እሱም ሳይፈራ ይመዝናታል። በዚያ ጾም የሄደ ጉልበቷ ግን ሳይመለስ ቀረ። ጆንያው ላይ መዝለል አቃታት፤ በእጁ አንሥቶ የሚያወጣት እሱ ሆነ።

እንግዲህ ይርገዱ፣ ነጋዴው ማን እንደሆነ ገብቶሻል። አማቴን ከድመት አስተካከሉብኝ ብለሽ እንዳትቀየሚ። ለድመት እንዲህ ከታፈረ ለሰውማ እንዴት ይሁን! ቤተ ክርስቲያን በሽተኛን ከጾም እንደምታወጣ አንቺም ታውቂያለሽ፤ ትናንት የተደነገገ አይደለም። ስለዚህ ወደ እኔ የመጣሽው ፈቃድ ፍለጋ አይደለም፤ የማይሸት ቅቅል ፍለጋ ነው። እሱን እኔም አላውቀውም፣ ልጄ። ሥጋ ሲቀቀል ይሸታል።

ምን አልሽ? «እሳቸውም ራሳቸው ይቅርብኝ ይላሉ»?

ይላሉ እንጂ! ሰሃኑን ስታቀርቢላቸው መጀመሪያ የሚያዩት ምግቡን መሰለሽ? ፊትሽን ነው። በር ስትዘጊ፣ መጋረጃ ስትጎትቺ፣ «ቶሎ ይብሉ» እያልሽ በሹክሹክታ ስታጣድፊያቸው ያዩሻል። የታመመ ሰው ሸክም መሆኑን ለማወቅ ማንም አይቀድመውም። እየራባቸው ነው እኮ ይቅርብኝ የሚሉሽ፤ አንቺን ከሐሜት ሊያተርፉሽ።

አሁን አፈርሽ አይደል? አንገትሽን ደፋሽ። ደግ አደረግሽ፤ ይኼኛው እፍረት ይጠቅምሻል። እስከ ዛሬ ያፈርሽው ጎረቤትሽን ነበር፤ ከዛሬ ጀምሮ እሳቸውን እፈሪ። ጎረቤትሽ «ምን ሸተተኝ?» ብላ ከመጣች «አማቴ ታመዋል፣ እያበላኋቸው ነው» በያት። ብትፈልግ ትመን፣ ባትፈልግ ትማሽ። በሐሜት የከሳ ሰው አላየሁም። እዚያ ቤት ውስጥ ያፈርሽው አንቺ ነሽ፤ የከሱት ግን እሳቸው ናቸው።

በይ ተነሺ። ሂጂና ድስቱን ጣጂ።