የተማረው ምስክር

አንዲት ጠላ ጠማቂ በጓሮዋ ያስቆፈረችው የውሃ ጉድጓድ ነበራት። አቶ መሸሻ የሚባሉ ሀብታም ከቤቷ በላይ ካለው ኮረብታ ድንጋይ በድማሚት ማውጣት ሲጀምሩ ግን የጉድጓዱ ግድግዳ ተሰነጠቀ፤ ውሃውም ደፈረሰ። ጠላዋን የቀመሰ ሁሉ "ጭቃ ጭቃ ይላል" እያለ ሸሻት።

ሴትዮዋ ለሰፈሩ ሽማግሌዎች አቤት አለች። ሽማግሌዎቹ ጉድጓዱን ሊያዩ ጓሮዋ ተሰበሰቡ። አቶ መሸሻም ተጠርተው መጡና ደረታቸውን ነፍተው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተገተሩ።

"የእኔ ድማሚት ከአጥሬ አያልፍም! ያልፋል ካልሽ ስለ ድንጋይ የተማረ ምስክር አምጪ፤ አለዚያ እግሬ ላይ ወድቀሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ" አሏት።

እሷ የተማረ ሰው ከየት እንደምታመጣ ጨንቋት ስትቁለጨለጭ፣ ከኮረብታው ድማሚት ሊፈነዳ መሆኑን የሚያስጠነቅቀው ጡሩምባ ተነፋ። አቶ መሸሻ ከጉድጓዱ አፍ ተስፈንጥረው፣ አንድ ጫማቸውን እዚያው ጥለው፣ ከሽማግሌዎቹ ጀርባ ተወሸቁ።

ሴትዮዋ ጫማውን አንስታ አቀበለቻቸው።

"እንኩ ጌታዬ፤ ምስክሬን ያጫሙት። አፍዎ የካደውን እግርዎ መሰከረልኝ፤ እሱ ደግሞ ድንጋይ ላይ ሲመላለስ የኖረ፣ ከእርስዎ ይልቅ የተማረ ነው!"

ሽማግሌዎቹ እስኪወጣላቸው ሳቁና፣ አቶ መሸሻ ጉድጓዷን እንዲያስጠግኑ፣ ድማሚታቸውንም ወደ ኮረብታው ማዶ እንዲያርቁ ፈረዱ።