«እንዴት ሆነ» የምትባለው ሜዳ

ከወንዛችን ማዶ፣ ከሚካኤል ቁልቁል፣ «እንዴት ሆነ» የምትባል ሜዳ አለች። እንግዳ ሰው ስሟን ሲሰማ የጠየቁት መስሎት «ምኑ?» ይላል። እኛም ብዙ የምንመልስለት የለንም፤ አባቶች የነገሩን ግን ይህን ነው።

እንደሚነገረው፣ ወይዘሮ የሻረግ የሚሏት ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች፤ ሁለት ልጆቿን የምታሳድገው በአንዲት ቡላ አህያ የሰው እህል ገበያ እያደረሰች ነው። አህያዋ ውርንጭላዋ ሞቶባት ጡቷ እንዳጋተ፣ በዚያው ሰሞን የመንደሩ ወንዶች ከብት የፈጀች እናት ጅብ አድብተው ገደሉ። ግልገሏ ርቦት ከጉድጓዱ ወጥቶ ይሁን፣ አህያዋ ድምፁን ሰምታ ሄዳ ይሁን፣ እሱን የሚያውቅ የለም፤ ብቻ ሰው ደርሶ ሲያይ የጅብ ግልገል ሜዳው ላይ ከአህያዋ ሥር ገብቶ ይጠባል፣ እሷም አንገቷን መልሳ ታሸተዋለች።

አገር ተጠራ። ሁለት አህያ ጅብ የበላበት አያ ደምለው ዱላውን ይዞ ፊት ፊት መጣ።

«የሻረግ፣ የጅብ አያት ሆንሽ እኮ! ክርስትናውን መቼ ነው የምንበላው?»

ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ግን አልቆየም። ግልገሉን ሊመቱ ሲጠጉ አህያዋ ከላዩ ቆማ ግራ ቀኝ ትራገጥ ጀመር። ይሄኔ «ሰይጣን ሰፍሮባታል፣ ሁለቱም ይገደሉ» ተባለ።

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ሲባል እንሰማ ነበር» አሉ ሽማግሌው አባ ወርቄ ራሳቸውን እያከኩ፤ «ጅብን ከሰው የምታስጥል አህያ ደግሞ ከየት መጣች?»

የሻረግ የልጆቿ ጉሮሮ ሊዘጋ መሆኑን አይታ ነጠላዋን አደግድጋ መሐላቸው ገባች።

«አባቶቼ፣ ይህ ነገር እንዴት እንደሆነ አንዳችሁ አስረዱኝ። ካስረዳችሁኝ የመጀመሪያውን ዱላ እኔው አሳርፋለሁ።»

አንዱ የጡት ሕመም ነው አለ፣ አንዱ ምትሃት ነው አለ፣ አንዱም የእግዚአብሔር ምልክት ነው ብሎ፣ የምን ምልክት ሲሉት «እሱን ቄስ ይጠየቅ» አለ።

«እኔ ምን አውቄ!» ብሎ ተቆጣ አያ ደምለው።

«እንግዲያ በምኑ ልትፈርድባት ነው፣ አያ?» አለችው የሻረግ።

መጀመሪያ አባ ወርቄ፣ ከዚያ ሌላው፣ በመጨረሻም እያጉረመረመ አያ ደምለው፣ ዱላቸውን ሣሩ ላይ አስቀመጡ ይባላል።

ግልገሉ አድጎ ክረምቱ ሲወጣ ጠፋ። እየተመለሰ ከአህያዋ ጎን ይተኛ ነበር የሚሉ አሉ፤ በዓመቱ የአያ ደምለውን ሦስተኛ አህያ የበላው እሱ ነው የሚሉም አሉ። ቡላዋ ግን አርጅታ ነው የሞተችው። እውነቱን የፈጠራቸው ያውቃል።

ዛሬም የአገራችን ሽማግሌዎች ያልገባቸው ነገር ሲገጥማቸው ወደዚያች ሜዳ ያወርዱታል። እስኪገባቸው አይፈርዱም፤ ዱላቸውን እዚያው ትተው ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። መንገደኛ ጠዋት ሲያልፍ ጤዛ የወረደበት ዱላ ተጋድሞ ቢያይ አያነሳውም፤ ሳይፈረድበት ያደረ ሰው አለ ማለት ነው።